ከዘነበወርቅ እስከ ዓሣ ኩሬው፦ አንድ እንክብልና ረጅም መንገድ የሄደ ክትባት

ባለፈው ሁዳዴ አጋማሽ ላይ አንድ የማውቀው ሰው ደወለልኝ። ከሰበታ ወጣ ብሎ የአባቱን ቦታ ጥግ ቆፍሮ፣ ፕላስቲክ አንጥፎ፣ ውሃ ሞልቶ ቆሮሶ ያረባል። በጾም ወቅት የዓሣ ዋጋ ምን እንደሚሆን ስለምታውቁ ለምን እንደጀመረው አልነግራችሁም። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ እዚህ አላነሳም፤ ኮሜንት ላይም አትጀምሩት።)

«ዓሦቹ ጎናቸው ላይ ቁስል አወጡ። ጠዋት ጠዋት ተንሳፈው አገኛቸዋለሁ» አለኝ። ታዲያ ምን አደረግህ ስለው፣ ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት ቴትራሳይክሊን ገዝቶ፣ እንክብሉን እየከፈተ ከመኖው ጋር እየለወሰ እየሰጣቸው መሆኑን ነገረኝ። ለስንት ቀን? «እስኪሻላቸው ነዋ!»

ስልኩን ስዘጋ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ጦር ኃይሎችን አልፈን ወደ አየር ጤና እየሄድን ነው። ወያላው «ዘነበወርቅ ወራጅ አለ?» ሲል ቀና ብዬ የአለርትን አጥር አየሁት። ያ ወዳጄ በኩሬው ውስጥ የጀመረው ነገር ታሪክ አለው። ታሪኩ ደግሞ ከዚያ አጥር ጀርባ፣ እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ እሱን ላውጋችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡና አፍሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘነበወርቅ የሰፈር ስም ከመሆኑ በፊት የሰው ስም ነው። ልዕልት ዘነበወርቅ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናቸው፤ በ1934 ገና በወጣትነታቸው አረፉ። ሐኪሙ ሚሲዮናዊ ቶማስ ላምቢ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከከተማው ምዕራብ ዳርቻ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ያቋቋመው ሆስፒታል በእሳቸው ስም ተጠራ። በዚያን ጊዜ ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር፤ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ በእግርም በበቅሎም የመጡ ሕሙማን ታክመው ወደ ቀያቸው መመለስ አልቻሉም። ቀያቸው አልተቀበላቸውማ። በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ጥልፍ ጠለፉ። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ሲደርስባቸው ደግሞ ቆሻሻውን አጠገባቸው መድፋት ጀመረ። ቆሼ የምንለው ማለቴ ነው።

በ1965 በዚሁ ግቢ አለርት ተቋቋመ። ዓላማው ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሐኪሞችንና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ ከጎኑ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ። ብዙዎቻችን አህሪ እያልን በምህጻሩ የምንጠራው ማለት ነው። ያቋቋሙት የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ናቸው፤ በሳይንሱ በኩል የበርገን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ነበረበት። ለምን ኖርዌይ? ያኔ ሀብታም ስለነበረች ብቻ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የሥጋ ደዌ በኖርዌይ ምዕራባዊ ዳርቻ የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች መቅሠፍት ነበር። የበሽታውን ባክቴሪያ በ1873 ያገኘው ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን የበርገን ሐኪም ነው። ከዚያ በፊት ብዙ የአገሩ ሐኪሞች በሽታው በዘር የሚወረስ ይመስላቸው ነበር። እኛም ጋ ገና ዛሬ እንዲህ የሚል አይጠፋም።

እንግዲህ ወደ እንክብሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዳፕሶን የሚባል መድኃኒት መጣ። ርካሽ ነው፣ ይዋጣል፣ ይሠራል። ከዚያ በፊት ተስፋ ላልነበረው ሕመምተኛ ተአምር ነበር። ችግሩ ብዙ ባክቴሪያ ያለበት ሕመምተኛ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልኩን መዋጥ ነበረበት። ደግሞ ብቻውን ነው የሚዋጠው፤ አንድ መድኃኒት፣ ሌላ አጋዥ የለም። አንዳንዱ መጠኑ ተቀንሶለት፣ አንዳንዱ መንገዱ ርቆበት እያቋረጠ ይወስዳል። ባክቴሪያው በበኩሉ አልተቀመጠም። በ1964 መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ማሌዥያ ውስጥ በምርመራ ተረጋገጠ።

ያ የተገኘው ለዓመታት ዳፕሶን በወሰዱ ሰዎች ላይ ነበር። የባሰው ዜና የወጣው ከእኛው ሰፈር ነው። በ1977 ፒርሰን፣ ኃይሌና ሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ ያወጡት ጽሑፍ፣ ዳፕሶን ከዚያ በፊት ወስደው በማያውቁ አዲስ ሕሙማን ላይ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ መገኘቱን ዘገበ። ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የተላመደው ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ነው ማለት ነው። አዲሱ ሕመምተኛ ገና ክሊኒክ ሳይደርስ መድኃኒቱ ከሽፎበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ በላይ መድኃኒት በአንድ ላይ ይሰጥ ወደሚለው ሕክምና የዞረው በዚህና በመሰል ማስረጃዎች ግፊት ነው። ዛሬ የሥጋ ደዌ በጥቂት ወራት የሚድነው በዚያ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አሁንም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ፤ የጠፋ በሽታ አይደለም።

«አንድ መድኃኒት፣ ለረጅም ጊዜ፣ ያለ ልክ» የሚለው መንገድ የት እንደሚያደርስ የታየው ከአለርት አጥር ጀርባ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ወዳጄም ቴትራሳይክሊኑን የሚሰጠው እንደዚያው ነው።

ከዚያ አጥር ጀርባ ግን ሌላም መንገድ ተጀምሯል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተቋሙን ይመራ የነበረው ወጣት ኖርዌያዊ ቶሬ ጎዳል ነው። በ1973 ከነጋሲ ጋር ባሳተመው ጥናት ከሕሙማን ጋር በቅርብ የሚውሉ ጤነኛ ሰዎችን ደም መረመሩ። ነጭ የደም ሕዋሳቱን በብልቃጥ ውስጥ ከሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጋር አገናኝተው «ያውቁታል ወይ?» ብለው ጠየቁ። የብዙዎቹ ሕዋሳት አወቁት። እነዚያ ሰዎች ባክቴሪያው ገብቶባቸው ነበር፤ ሰውነታቸው ግን ሳይታመሙ አሸንፎታል። ከዚያ በፊት በሽታው በቀላሉ አይተላለፍም ይባል ነበር። ለካ በቀላሉ ይተላለፋል፣ ብዙዎቻችን ግን አንታመምም።

ሰውነት በራሱ ማሸነፍ ከቻለ፣ ላልቻለው ማስተማር ይቻላል። ክትባት ማለት ይኸው ነው። ግን በምን? የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ አልበቅልም ብሎ እንዳስቸገረ ነው። በ1960 በአይጥ መዳፍ ላይ በጥቂቱ ማራባት ተቻለ፤ በ1971 አርማዲሎ በሚባለው የአሜሪካ እንስሳ ላይ በብዛት። በ1974 የዓለም ጤና ድርጅት የሥጋ ደዌ ክትባት ፕሮግራም ጀመረ። የተገደለ ባክቴሪያ ከቢሲጂ ጋር ተቀላቅሎ በቬንዙዌላና በማላዊ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ተሞከረ። ቢሲጂ ብቻውን ካደረገው የተሻለ ነገር አልተገኘም። ጎዳል ከኮልፌ ሄዶ የዓለም ጤና ድርጅትን የሐሩር በሽታዎች ምርምር ፕሮግራም መራ፤ በኋላም ለድሃ አገሮች ሕፃናት ክትባት የሚያቀርበው የጋቪ የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነ። ልጅዎን ለክትባት ጤና ጣቢያ ከወሰዱ፣ ከዘነበወርቅ የተነሳ ሰው እጅ ነክቶታል ማለት ነው።

እስቲ አሁን ወደ ኖርዌይ ተሻግረን ዓሦቹን እንይ። ሐንሰን የኖረባት የኖርዌይ ምዕራባዊ ዳርቻ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሳልሞን እርባታ ሆነች። ዓሣ በባሕር ላይ በመረብ ቀፎ ውስጥ ታጉሮ ሲረባ፣ የአንዱ በሽታ በቀናት የሁሉ ይሆናል። ባክቴሪያዎቹ ተከታትለው መጡ። አርቢዎቹ እንደ ወዳጄ አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋር ለወሱ፤ ልዩነቱ እነሱ የለወሱት በቶን ነው። በ1987 አጠቃላይ ምርቱ ገና ወደ 50 ሺህ ቶን ገደማ ሳለ፣ የአንቲባዮቲኩ መጠን ወደ 50 ቶን ተጠጋ። ለእያንዳንዱ ኪሎ ዓሣ አንድ ግራም መድኃኒት ገደማ!

ከዚያ ክትባት መጣ። ብዙ ምሥጢር የለውም፦ የተገደለ ባክቴሪያ በዘይት ተለውሶ፣ ትንሿ ዓሣ ወደ ባሕር ከመግባቷ በፊት ሆዷ ላይ ትወጋለች። አዎ፣ አንድ በአንድ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓሦች። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ የአንቲባዮቲኩ አጠቃቀም ከአንድ ቶን ብዙም ወደማይርቅ መጠን ወርዶ ነበር። ዛሬ ምርታቸው ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሆኖም በአብዛኞቹ ዓመታት ከአንድ ቶን በታች ነው የሚጠቀሙት። በአንጻሩ ቺሊ ያንኑ ሳልሞን አርብታ በ2014 ብቻ ከ500 ቶን በላይ አንቲባዮቲክ ተጠቅማለች። ቺሊዎች ሰነፎች ሆነው አይደለም። ዋናው ጠላታቸው በዓሣው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የሚደበቅ ባክቴሪያ ነው፤ እንዲህ ያለውን የተገደለ ባክቴሪያ ክትባት በደንብ አይመክተውም።

የሥጋ ደዌም ባሕርይ ይኸው ነው። የሳንባ ነቀርሳም። ዓሣም የራሱ ነቀርሳ አለው። በ1897 ፈረንሳውያን በካርፕ ዓሣ ላይ ገለጹት፤ በ1926 ደግሞ ፊላደልፊያ በሚገኝ የዓሣ ማሳያ ገንዳ ውስጥ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባለው ዝርያ ተገኘ። ዓሣ የሚያጥቡና የሚያራቡ ሰዎችን እጅ ያቆስላል። የሥጋ ደዌው ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ነው።

የዲኤንኤ ክትባት የሚባለው የገባው እዚህ ጋ ነው። በተለመደው ክትባት የጠላትን ሬሳ ወይም ቁራጭ ለሰውነት ታሳያላችሁ። በዲኤንኤ ክትባት ግን የምትሰጡት መመሪያውን ብቻ ነው። ከባክቴሪያው አንድ ጂን፣ ማለትም አንድ ፕሮቲን የሚሠራበትን ትእዛዝ፣ ቆርጣችሁ ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ትሰፉታላችሁ። ቀለበቱ ጡንቻ ላይ ይወጋል። የጡንቻው ሕዋስ ትእዛዙን አንብቦ ፕሮቲኑን ራሱ ይሠራዋል፤ ተከላካዮቹም ያዩታል። ጠላት ከሕዋሱ ውስጥ የተወለደ ስለሚመስል፣ በሕዋስ ውስጥ የሚደበቅን ነገር የሚያድኑት ተከላካዮች ይነቃሉ። በ1990 ራቁት ዲኤንኤ አይጥ ጡንቻ ላይ ቢወጋ እንደሚሠራ ታየ፤ በ1993 አይጦችን ከኢንፍሉዌንዛ እንዳዳነ ታወቀ።

አሁን ደግሞ የምወደው ቦታ ላይ ደረስኩ። በ1996 ለንደን ውስጥ ሚል ሂል በሚገኝ የምርምር ተቋም የእነ ዳግላስ ሎሪ ቡድን አይጦችን ከሳንባ ነቀርሳ በዲኤንኤ መከላከሉን አሳተመ። በቀለበቱ ላይ የተሰፋው ጂን የማን ነበር? የሳንባ ነቀርሳው አይደለም። የሥጋ ደዌው ባክቴሪያ ነው! ያ አልበቅልም ያለው፣ በአርማዲሎ ለምነው ያራቡት ባክቴሪያ፣ አንድ ጂኑ ብቻ ተወስዶ የዘመዱን በሽታ አስቆመ። ጂኑ ከዘነበወርቅ ሕሙማን የወጣ ነው አልልም፣ አይደለም። ግን ያ ጂን የተፈለገው በእነሱና በመሰሎቻቸው ደም ላይ ለዓመታት ሰውነት ምኑን ነው የሚያውቀው እየተባለ ስለተጠየቀ ነው። (ደስታው ብዙ አልቆየም። በኋላ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ቀድሞ ለታመሙ አይጦች ሲሰጡት ሳንባቸውን ጎዳ። መከላከያ የሆነ ሁሉ መድኃኒት አይሆንም።)

በዚያው በ1996 አሜሪካውያን ትራውት የሚባለውን ዓሣ ከአንድ ቫይረስ በዲኤንኤ ክትባት አዳኑ። ዓሣ ለዚህ ቴክኖሎጂ የተፈጠረ ይመስላል፤ በሰውና በትልልቅ እንስሳት ላይ ደካማ የሆነው ነገር በዓሣ ላይ በጥቂት ማይክሮግራም ይሠራል። በ2005 ካናዳ ያንን ቫይረስ የሚከላከል የሳልሞን ክትባት ፈቀደች። በ2017 የአውሮፓ ኅብረት ሌላ ፈቀደ። ሕንድ ለሰው የመጀመሪያውን የዲኤንኤ ክትባት የፈቀደችው በ2021 በኮሮና ጊዜ ነው። ዓሣ ሰውን በ16 ዓመት ቀደመው ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም የዓሣ ክትባቶች የቫይረስ ናቸው። ለባክቴሪያ ነገሩ ይከብዳል። ቫይረስ ድሮም በእኛ ሕዋስ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የእኛ ሕዋስ ፕሮቲኑን ሲሠራለት ልክ ይወጣል። ባክቴሪያ ግን የራሱ ፋብሪካ አለው፤ የእሱ ፕሮቲን በዓሣ ሕዋስ ሲሠራ አጣጣፉና ቅባቱ ሊለወጥ ይችላል፣ ተከላካዮቹም ሌላ ነገር ይማራሉ። አንድ ባክቴሪያ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖች አሉት፤ የትኛው ይመረጥ? ቢሆንም በ2005 ፓስኒክና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ከማይኮባክቴሪየም ማሪነም አንድ ጂን ወስደው ባስ ለሚባል የእርባታ ዓሣ በዲኤንኤ ክትባት መልክ ሰጡት፤ ከዓሣ ነቀርሳ መከላከል እንደሚቻል አሳዩ። የመረጡት ጂን፣ ቤልጂጎች በዚያው በ1996 ለሰው ነቀርሳ ከሞከሩት ጋር ወንድማማች ነው።

«ለሰው ያልተረፈ ክትባት ለዓሣ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። በመጀመሪያ ወዳጄ ለዓሣው የሰጠው ቴትራሳይክሊን የእናንተም መድኃኒት ነው። ሁለተኛ፣ በ1950ዎቹ ጃፓኖች በተቅማጥ ባክቴሪያ ላይ እንዳገኙት፣ ባክቴሪያዎች መድኃኒት የመቋቋም ጂንን እርስ በርስ ይሰጣጣሉ፤ የሚሰጣጡትም በዚያችው ፕላዝሚድ በምትባል ቀለበት ላይ ነው። ክትባቱን የምንሰፋባት ቀለበት ድሮም የእነሱ መልእክተኛ ነበረች። ኩሬው ውስጥ የተላመደው ባክቴሪያ ቀለበቱን ወንዝ ውስጥ ላለው ይሰጠዋል፤ ወንዙ ደግሞ ጎመን ያጠጣል።

እኔ ነገ ኮልፌ ውስጥ የዓሣ ዲኤንኤ ክትባት ይሠራ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም በዚህ ነገር ላይ ከሚቸኩሉት ጋር አልስማማም። የኩሬያችን ቁስል አምጪ በተገደለ ባክቴሪያ ክትባት የሚመከት ከሆነ፣ ርካሹ እያለ ውዱን መፈለግ ጉራ ነው። ዲኤንኤ የሚያስፈልገው ርካሹ ላቃተው፣ በሕዋስ ውስጥ ለሚደበቀው ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን መጀመሪያ የሞተውን ዓሣ የሚቀዳ፣ ባክቴሪያውን የሚያበቅልና ስሙን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

ሰውም ተቋምም የለንም የሚባለው ነው የሚያናድደኝ። ከአየር ጤና በጅማ መንገድ ቢወጡ ሰበታ ላይ የዓሣና የውሃ ሀብት ምርምር ማዕከል አለ፤ የዓሣ ጫጩት ያራባል። እዚያው ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ቢሾፍቱ ከ1964 ጀምሮ የከብትና የዶሮ ክትባት የሚያመርት ብሔራዊ ተቋም አለ። አህሪ በ2004 ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ተላልፎ፣ ዛሬ በማይኮባክቴሪያ ላይ ከ50 ዓመት በላይ የተጠራቀመ ዕውቀት ይዞ ዘነበወርቅ ቆሟል። በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣና በኢትዮጵያ ከብቶች ላይ የተደረገ ጥናት ቢሲጂ የከብት ነቀርሳን መተላለፍ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ሙከራ ማካሄድ የቻለ አገር የዓሣ ቁስል አይከብደውም። አራቱም ተቋማት የአንድ ቀን የመኪና መንገድ ላይ ናቸው። የጎደለው ከኩሬው ወደ እነሱ የሚወስድ መንገድ ነው። ለአርቢው የቀረበው መድኃኒት ቤቱ ነው።

ኖርዌይ 50 ቶን ከደረሰች በኋላ ነው የተመለሰችው። የእኛ እርባታ ገና ትንሽ ነው። የምለምደውን ሳልለምድ የሚባል ዕድል ካለ አሁን ነው።

ወዳጄን ማታ መልሼ ደወልኩለት። ቴትራሳይክሊኑን ተው፣ ሊሞቱ ከሚያጣጥሩት ሁለት ሦስቱን ከነውሃቸው በጀሪካን ይዘህ ሰበታ ሂድ፣ ኩሬው ውስጥም በጣም አጭቀሃቸዋል አልኩት። «ክትባት አለ ሲሉ ሰማሁ፤ መቼ ይመጣል?» አለኝ። ምን ልበለው?

ጀሪካኑን ይዞ ሄዶ እንደሆነ አላውቅም። ለሆሳዕና ግን ሦስት ትልልቅ ቆሮሶ በፌስታል አድርጎ በሰው ላከልኝ፤ ተሽሏቸዋል መሰለኝ። ደውዬ አመሰገንኩትና መድኃኒቱን ካቆምክ ስንት ቀን ሆነህ ብዬ ጠየቅኩት። አልቆጠረም።